ቱርቦ ሞተር ለትንሿ ፒካፕ፦ ጉልበቱን ሳይሆን ኩንታሉን ቁጠሩ



የዛሬው ጽሑፍ የቡና ወይም የጤፍ ዋጋ አይደለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ኩንታል ውስጥ የሚገባ ወጪ ነው፤ ማጓጓዣ። ሰሞኑን ከዩኒየን ገዢዎችም ከእህል ነጋዴዎችም አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገመ ይመጣል፦ «ፒካፓችን ዳገት ላይ እየሞተች ነው። አሮጌውን ሞተር አውጥተን ትልቅ ቱርቦ ናፍታ ብናስገባባትስ?» እኔ ደላላ ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም። ግን ነገሩ የሞተር ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ጥያቄ ስለሆነ እንደ አንድ ንግድ እንየው።

ጥያቄው ለምን አሁን በዛ?

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ አብሮ ወጣ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለች አሮጌ ሃይሉክስ እንደ ወርቅ ነው የምትያዘው። ባለቤቷ አይሸጣትም፤ ያድሳታል። ማደስ ሲነሳ ደግሞ ጋራዡ «ለምን በዚያው ቱርቦ አናደርጋትም?» ይላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ለሁሉም አይሆንም።

ቱርቦ ምን ያደርጋል?

ናፍታ ሞተር ጉልበቱ የሚመጣው ከነዳጁ ብቻ አይደለም፣ ነዳጁን ለማቃጠል ከሚያስገባው አየርም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል ብላችሁ ብትይዙ ከእውነቱ ብዙ አትርቁም። ማለትም ፋብሪካው 90 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 70 እንኳን ላይሞላ ይችላል። በዚያ ላይ ፖምፓው የሚረጨው ናፍታ ከአየሩ ጋር ካልተመጣጠነ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭሱ እንግዲህ የእናንተ ገንዘብ ነው።

ቱርቦ በጭስ ማውጫው የሚባክነውን ግፊት ተጠቅሞ አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ከፍታ የቀማውን አብዛኛውን ይመልሳል። ለእኛ አገር ቱርቦ ቅንጦት አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን እዩት። በአሮጌዎቹ ሃይሉክሶችና ዶልፊኖች ላይ የምናውቃቸው ሦስት የቶዮታ ሞተሮች አሉ። 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ ናቸው። ሦስቱም ቱርቦ የላቸውም። የመጠምዘዝ ጉልበታቸው ከ165 እስከ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ጋራዦች «እሱን አስገባ» የሚሉት 1ኬዜድ ደግሞ 2,982 ሲሲ ነው፤ ከ5ኤል ጋር በመጠን እኩል ነው ማለት ይቻላል። ግን እንደ ሞዴሉ ከ287 እስከ 343 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ሊትሩ ሳይሆን አየሩ ነው።

ቱርቦ የማያደርገው ምንድን ነው?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ቱርቦ ነዳጅ ይቆጥባል» ይባላል። በዓባይ በረሃ እንሞክረው።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ መንገዱ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያ ደጀን ለመድረስ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። አሥር ኩንታል የጫነች ፒካፕ ከነሹፌሯ 2,500 ኪሎ ብትመዝን፣ ያንን ዳገት ለመውጣት ብቻ የምትፈልገው ጉልበት በአንድ ሊትር ናፍታ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሞተር ግን ከናፍታው ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሲሶውን እንኳን አይሞላም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ክብደቱን ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ከሦስት ሊትር በላይ ትከፍላላችሁ። ይህ የዳገቱ ሒሳብ ነው። ሞተሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ ክብደቱና ከፍታው አይቀየርም። ቱርቦው ሒሳቡን ቶሎ ይከፍለዋል እንጂ አይሰርዘውም። በተሻለ ማቃጠል ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ሹፌሩ ደግሞ ያገኘውን ጉልበት ለፍጥነት ካዋለው ያቺም ትጠፋለች።

አሁን ቁልቁለቱን አስቡ። ያው የአንድ ሊትር ናፍታ ጉልበት ስትወርዱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በማርሽ ካልያዛችሁት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ትልቅ ሞተር ያስገባ ሰው በፊት 30 ይሄድበት የነበረውን መንገድ 60 ይሄዳል፤ ፍሬኑ ግን የድሮው ፍሬን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ዓባይ በረሃም ሆነ በጅማ መንገድ ጊቤ በረሃ የሚወርድ ሰው ይህን በቀልድ አያየውም። ሞተር ለመለወጥ ገንዘብ ኖሮት ለፍሬን የሌለው ሰው ሞተሩንም ቢተወው ይሻላል።

መጀመሪያ፦ ሞተሩ አንሷል ወይስ ታሟል?

ጤነኛ 3ኤል ወይም 5ኤል አሥር ኩንታል ይዞ ዳገት መውጣት አለበት፤ ቀስ ይላል እንጂ አይሞትም። በመቶ ሜትር አሥር ሜትር የሚያነሳ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ያቺ 2,500 ኪሎ የጠየቀችው ጎማው ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ከፍታው ቀንሶት እንኳን ደህና ሞተር ይህን ያገኛል። ስለዚህ መኪናችሁ በሁለተኛ ማርሽም እየሞተች ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን አስፈትሹ፦

አንደኛ፣ ኮምፕሬሽን አስለኩ። ፒስተኑ ወይም ቫልቩ ካለቀ እዚያው ይታያል።
ሁለተኛ፣ ኖዝሎቹንና ፖምፓውን አስፈትሹ። የሚረጭ ሳይሆን የሚያንጠባጥብ ኖዝል ጉልበትም ይቀንሳል፣ ናፍታም ይበላል።
ሦስተኛ፣ የአየር ማጣሪያውን እዩ። በቡና ወቅት በኮረኮንች አቧራ የዋለ ማጣሪያ ሞተሩን አፍኖ ይይዘዋል።
አራተኛ፣ ፍሪሲዮን። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ ችግሩ ሞተሩ ላይሆን ይችላል።
አምስተኛ፣ ጭነቱን መዝኑ። «አሥር ነው የጫንኩት» የሚባለው ስንት ጊዜ አሥራ አምስት ሆኖ እንደሚገኝ ሚዛን ላይ የምትቆሙ ታውቁታላችሁ።

ለእነዚህ የሚወጣው ከሞተር ለውጥ ጋር አይወዳደርም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው የሚባለው።

ሞተሩ ብቻውን አይመጣም

እሺ፣ ተፈትሾ ሞተሩ አልቋል እንበል። ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ያንኑ ሞተር ማደስ ነው። ሁለተኛው በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ማሳደግ ነው፦ 2ኤል አውጥቶ 3ኤል ወይም 5ኤል ማስገባት። እነዚህ አንድ ዘር ስለሆኑ ከካምቢዮው ጋር ይገጥማሉ፣ መለዋወጫውም መካኒኩም አይጠፋም። ጉልበቱ በመጠኑ ይጨምራል፣ ጣጣው ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ወደ ቱርቦ መሄድ ነው፤ ወጪው የሚያብጠው እዚህ ነው። ነጋዴው የሚነግራችሁ የሞተሩን ዋጋ ነው። ሞተሩ ግን ተከታይ አለው። የሞተር መቀመጫው ሻንሲው ላይ በአዲስ ይበየዳል። የድሮው ካምቢዮ ስለማይገጥም፣ ቢገጣጠምም ያን ጉልበት ስለማይችል፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር መምጣት አለበት። ካምቢዮው ሲቀየር ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ ይቆረጣል ወይ ይረዝማል። ፍሪሲዮን አዲስ ይሆናል። ራዲያተሩ ይተልቃል፣ የጭስ ማውጫው ይሰፋል። ሞተሩ ፖምፓውን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረው ዓይነት ከሆነ መቆጣጠሪያ ሳጥኑና ገመዱ ሳይቆረጥ ሙሉውን ካልተገዛ መኪናው ለወራት ጋራዥ ይቀመጣል።

ራዲያተሩን በተለይ አትናቁት። የ1ኬዜድ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ በደንብ ከሞቀ የመሰንጠቅ ጠባዩ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ቆላ ውስጥ ጭነት ይዞ በትንሽ ራዲያተር ዳገት ማስወጣት ቴስታታውን መሸጥ ማለት ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው 1ኬዲ (ዲ4ዲ የምንለው) ደግሞ 2,982 ሲሲ ሆኖ የበለጠ ጉልበት አለው። ግን ናፍታውን እጅግ በከፍተኛ ግፊት ነው የሚረጨው። በጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍታ ኖዝሉን ይገድለዋል፤ የኖዝሉ ዋጋም ቀላል አይደለም። የምትሠሩት ማደያ በሌለበት ወረዳ ከሆነ ይህን አስቡ።

ውጭ አገር ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ አሉ። በጣም የታወቀው ምሳሌ ሱዙኪ ሳሙራይ ነው። ባለ 1.3 ሊትር ቤንዚን፣ 60 ምናምን የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ነች። የቮልስዋገንን 1,896 ሲሲ ቱርቦ ናፍታ ያስገቡባታል። የፈረስ ጉልበቱ 90፣ የመጠምዘዝ ጉልበቱ 202 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከሳሙራይዋ ሞተር እጥፍ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ብረት አለ። እዚያም ቢሆን ታሪኩ ያው ነው፦ ሞተሩ ሲጠነክር ቀጥሎ የሚሰበረው ደካማው ዕቃ ነው፤ ካምቢዮ፣ ዘንግ፣ ዲፈረንሻል። እነሱ ለደስታቸው ነው፤ ቢሰበር ቅዳሜ ይጠግኑታል። የእኛ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው።

ጭነቱ አያድግም

ይህን አስምሩበት። ሞተር ሲያድግ የመኪናው የመጫን አቅም አይጨምርም። የጭነት ልክ የሚወሰነው በሻንሲው፣ በባሌስትራው፣ በጎማውና በፍሬኑ ነው። አሥር ኩንታል የምትጭን ፒካፕ ከቱርቦ በኋላም አሥር ኩንታል ነው የምትጭነው። እንዲያውም ከባድ ሞተርና ካምቢዮ ከተጨመረባት ትንሽ ይቀነስላታል። «አሁንማ ሃያ ትችላለች» የሚል ሰው ዘንግ ሰብሮ መንገድ ላይ ያድራል፤ እሱም ዕድለኛ ከሆነ ነው።

ወረቀቱ

ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያለው በጨዋታ አይደለም። ሞተር ስትለውጡ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት። ለዚህ ደግሞ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ዲክላራሲዮንና የግዢ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ያገለገለ ሞተር ብዙ ጊዜ በዱባይና በሻርጃ በኩል ነው የሚመጣው፤ ወረቀት ያለውም የሌለውም አለ። ወረቀት የሌለው ሞተር ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው።

ካልተስተካከለ ቦሎ ስትሄዱ ትያዛላችሁ። አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር ክርክር ይነሳል። መኪናውን ለባንክ ማስያዣ ስታቀርቡ ወይም ስትሸጡ ቁጥሩ አልገጠመም ይባላል። በተለይ ዩኒየኖች፣ የአባላት ንብረት ነውና ኦዲተር የሚጠይቀው መጀመሪያ ይህንን ነው። ደንቡ፦ ወረቀቱን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

አሁን ሒሳቡ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲቀል የያዝኳቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የራሳችሁን አስገቡበት።

ቱርቦ ማስገባት ከነተከታዩ 700,000 ብር፣ ያለውን ሞተር ማደስ 300,000 ብር እንበል። ሞተሩ አልቆ ከሆነ የምታስቡት 700,000ውን አይደለም፤ ልዩነቱን 400,000 ነው። ሞተሩ ደህና ከሆነ ግን ሙሉውን 700,000 ነው የምታስቡት። ይህን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ነጋዴ ሀ፦ በዓመት 25,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ 500 ኩንታል ያመላልሳል። በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ተረፈው ብንል 250 ሊትር ነው። ሊትሩን 100 ብር ብንይዝ 25,000 ብር። በ16 ሳምንት የግዢ ወቅት በሳምንት አንድ ተጨማሪ ምልልስ ቢያገኝ 160 ኩንታል፤ ከኩንታል 200 ብር ቢተርፈው 32,000 ብር። ድምር 57,000። 400,000ውን ለመመለስ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ልዩነቱን በአምስት ዓመት ብናከፋፍለው በዓመት 80,000፣ በኩንታል 160 ብር ይመጣበታል። በፈረሱላ ስትመቱት (ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው) 27 ብር ገደማ ነው። በአንድ ፈረሱላ 27 ብር ተበልጦ ከጎረቤቱ ጋር ቡና የሚሻማ ነጋዴ ዕድሜው አጭር ነው።

ዩኒየን ለ፦ በዓመት 400 ምልልስ፣ እያንዳንዱ 150 ኪሎ ሜትር፣ በአሥር ኩንታል። 60,000 ኪሎ ሜትርና 4,000 ኩንታል ማለት ነው። ነዳጁ 60,000 ብር ይቆጥብለታል። ከእነዚህ ምልልሶች ውስጥ 100ው በቱርቦው ፍጥነት የተገኙ ቢሆኑ 1,000 ኩንታል በ200 ብር 200,000 ነው። ድምር 260,000፤ ልዩነቱ በአንድ ዓመት ተኩል ይመለሳል። በኩንታል የሚያርፈው 20 ብር፣ በፈረሱላ ሦስት ብር ከምናምን ነው። ለዚህ ቤት ቱርቦው ያዋጣል።

ሞተሩ አንድ ነው፣ ዋጋውም አንድ ነው፤ የለየው ኩንታሉ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጋዴ ሀ ያንን 400,000 ብር እህል ላይ አድርጎ በወቅቱ አራት ጊዜ ቢያዞረውና በየዙሩ ሦስት በመቶ ቢተርፈው 48,000 ብር ነው። ከቱርቦው 57,000 ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ግን እህል ላይ ያለው ብር ወቅቱ ሲያልቅ ተመልሶ ኪስ ይገባል፤ ሞተር ላይ ያለው እያለቀ ይሄዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ እሸት ቡና የሚገዛ ሰው ጥሬ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መስከረም ላይ ብሩን ጋራዥ አስገብቶ ኅዳር ላይ በአራጣ የሚበደር ሰው፣ ያን ቱርቦ ሁለት ጊዜ ነው የከፈለበት።

በአጭሩ

በዓመት ብዙ ሺህ ኩንታል በዳገት መንገድ የምታመላልሱ፣ ሞተራችሁ በእርግጥ ያለቀ፣ ወረቀቱ የተሟላ ሞተር ከነካምቢዮውና ከነገመዱ ያገኛችሁ፣ ለፍሬንና ለራዲያተር የመደባችሁ፦ ግቡበት።
ጭነታችሁ ጥቂት መቶ ኩንታል የሆነ፦ አድሱ፣ ወይም በዚያው ቤተሰብ 3ኤል ወይም 5ኤል አስገቡ። በግዢ ወቅት ጭነት ከበዛባችሁ አይሱዙ ተከራዩ፤ ኪራይ ወቅቱ ሲያልቅ ያልቃል።
ሞተራችሁ ደህና ሆኖ ቀርፋፋ ብቻ የሆነ፦ ኖዝል፣ ማጣሪያ፣ ሚዛን። በቃ።

ጋራዡ የሚነግራችሁ የፈረስ ጉልበት ነው። እናንተ መልሳችሁ «በኩንታል ስንት ነው?» በሉት። መልስ ከሌለው ራሳችሁ ካልኩሌተር አውጡ።

የራሳችሁን ቁጥር ያስገባችሁ፣ ኪሎ ሜትሩንና ኩንታሉን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እንመታዋለን።